የሹፌር ቀኝ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ዕቃ ገዝቼ ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ መርሳ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ብርቱካን ሊገዛ ወረደ፤ እኛም እግራችንን ልናፍታታ ተከትለነው ወረድን። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ረዳቱ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። የናፍጣው ጭስና የብርቱካኑ ልጣጭ አንድ ላይ አወዱኝ። እኔ እንግዲህ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ናፍጣ ሲሸተኝ ነው የሚውለው። ብርቱካንም ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዉ ተሳፍሮ፣ ሹፌሩ ጡሩንባ ነፍቶ፣ አንዲት ሴትዮ በመስኮት "እህት፣ አትሄጂም እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

የአባባ ሽታ ነው። አባባ የምለው የእናቴን አባት ነው፤ የመርሳ ሰው ጋሽ ደምሴ ሹፌሩ ይላቸው ነበር። በልጅነታቸው ለዲቁና ተምረው፣ ግዕዙንም ጀማምረው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መኪና አዩና አበቃ፤ ማን ይያዛቸው! ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ ጨረሱት። እኔ ሳውቃቸው መንዳት ትተው ከቤታቸው ኋላ ያሉትን የብርቱካን ዛፎች ሲንከባከቡ ነው የሚውሉት። ከሹፌርነታቸው የተረፈ አንድ አሮጌ ካፖርት ነበራቸው። እናቴ ስንት ጊዜ አጠበችው፤ ናፍጣው አልለቅ አለ። ያንን ለብሰው ዛፎቹ መሃል ሲቀመጡ ነው እንግዲህ ያ ሽታ የሚመጣው።

የማወራው ሁለተኛ ክፍል ስለነበርኩበት ዓመት ነው፤ ከመስቀል እስከ ጥር ስላለው ጊዜ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባባ ታመሙ። ትልልቆቹ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ "ስትሮክ መታቸው" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ስትሮክ የሚባል ሰው ያለ መሰለኝ። ምን ዓይነት ስድ ቢሆን ነው ሽማግሌ የሚመታው እያልኩ በጣም ተናደድኩ። የሐራ ሰው ይሆናል ብዬም ጠረጠርኩ፤ ምክንያቱም አባባ ከመታመማቸው በፊት ሐራ ገበያ ሄደው ነበር። ለምን ፖሊስ እንደማይዘው እናቴን ብጠይቃት "ሂጂ ተጫወቺ" አለችኝ። እሷም የምትፈራው ሰው ነው ማለት ነው ብዬ መጠየቁን ተውኩት።

አባባ ከሐኪም ቤት ሲመጡ እግራቸው እየተጎተተም ቢሆን ይራመድ ነበር። ቀኝ እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ያ እጅ የመሪ እጅ ነበር፤ ሰፊ፣ መዳፉ እንደ ሰሌን የሻከረ። አሁን ሲቀመጡ በግራቸው አንስተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። ሲነሱ ይረሱትና ከካፖርቱ ኪስ ጋር ይጋጫል። 

ስለ እኔ ደግሞ ላውራ። እኔ ግራኝ ነኝ። አሁን ማንም ምንም አይለኝም፤ ሱቄ ውስጥ ብሎን ስፈታ ደንበኛው ያየኛል፣ ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። ያኔ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በግራዬ ስጎርስ እናቴ እጄን ትመታኛለች። በግራዬ ለእንግዳ ውሃ ከሰጠሁ እንግዳው ብርጭቆውን ሳይቀበል እየጠበቀ፣ እናቴ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ኋላ ላይ ጣቶቼን እሬት ትቀባኝ ጀመር። እሬቱ አልበቃ ሲል ደግሞ ምግብ ሲቀርብ ግራ እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር ታስረዋለች። እናቴ ክፉ አልነበረችም። ነገ ሰው ቤት ስትገባ "እናቷ ያላስተማረቻት" እንዳትባልብኝ ነው የምትለው። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ያቀርር ስለነበር፣ እኔም የሆነ ትልቅ በሽታ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ላይ ቤቱ ጥድፊያ ላይ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሙሉ፣ በጥር ልትዳር ነው። እኔ እታለም ነው የምላት። ልጁ ግራና ከተማ ላይ ሱቅ ያለው፣ ሳቂታ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ቤት ይለሰናል፣ እህል ይለቀማል፣ ጌሾ ይወቀጣል። እኔ በግራዬ እንዳልሠራ ተከልክዬ ለምን ሥራ እሆናለሁ? ስለዚህ እናቴ "አንቺ አባባ ጋ ቁጭ በይ፤ ዝንብ እሺላቸው፤ ውሃ ሲሉ ስጫቸው" አለችኝ። ያ የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ ሁልጊዜ እሳቸው ጋ ነኝ።

አባባ ከሰው ጋር መብላት ትተው ነበር። በቀኛቸው መጉረስ አይችሉም። በግራቸው መጉረስ ነውር ነው አሉ። ልጆቻቸው እንዲያጎርሷቸው ደግሞ ጨርሶ አይሰሙም። ምግብ ሲመጣ "አስቀምጡትና ውጡ" ይላሉ። ትሪው ሲመለስ ከዳሩ ትንሽ ተቆርሶ ነው። ካፖርታቸው ቀስ በቀስ እየሰፋቸው ሄደ። እናቴና እታለም ጓዳ ውስጥ ተደብቀው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ፣ ድግስ እየተደገሰ፣ በረሃብ ሊሞት ነው እንዴ ትል ነበር እናቴ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዛፎቹ ስር ተቀምጠን ሳለ አንድ የበሰለ ብርቱካን ወደቀ። አነሳሁትና መላጥ ጀመርኩ። እናቴ ስላልነበረች በግራዬ ነው የምልጠው። እሳቸው ያዩኛል። ልጬ ስጨርስ አንዱን ፈልቅቄ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

"በግራሽ?" አሉኝ።

"ቀኜ አይልጥም" አልኳቸው።

"የእኔም አይልጥም" አሉ። አፋቸውንም ከፈቱልኝ።

ብርቱካኑን ሙሉውን በሉት። ሌላም ላጥኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪው ሲገባ እኔ አብሬ እገባለሁ፤ "እሷ ትቆይ፤ እናንተ ውጡ" ይላሉ። በሩን እዘጋና መቀነቱን እፈታለሁ። እናም በግራ እጅ እንዴት እንደሚጎረስ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ወጡ አገጫቸው ላይ ይቀራል፣ እንጀራው ይበተንባቸዋል። "በአውራ ጣትዎ ይግፉት እንጂ አባባ" እላቸዋለሁ፤ "እሺ የኔታ" ይሉኛል። ሁለታችን በር ዘግተን በግራ ስንበላ ወንጀል የምንሠራ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ ግን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ትሪው ባዶውን ሲወጣ እናቴ "ተመስገን፣ አባዬ ምግብ ገባለት" አለች። እንዴት እንደገባለት አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ለአንድ ነገር ግን መልስ አጥቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ በደቡቡ በር በኩል ነው የምታስገባኝ፤ "ቀኙ የሴቶች ነው" ብላኛለች። ስለዚህ ለእኔ ቀኝ ማለት ቦታ ነው፤ እንደ ግራና፣ እንደ ሐራ ያለ፣ ሴቶች የሚቆሙበት አገር። ታዲያ ቀኝ የሴቶች ከሆነ እኔ ሴት ሆኜ ቀኜ ለምን ሰነፈ? አባባስ ወንድ ሆነው በቀኛቸው መቅረት ለምን እንዲህ አንገታቸውን ደፉ? አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ ጠየቅኳቸው። አባባ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ከዚያ ተነሥተው ግቢው መሃል አቆሙኝ። ፊቴን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዞሩኝ። "የድሮ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው" አሉ። ፀሐይ በፊትሽ ስትሆን ቀኝሽ በደቡብ በኩል ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያንም ፊቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነው የእናትሽ መቆሚያ ቀኝም ደቡብም የሚባለው አሉኝ። አሁን ቀኝሽ ወዴት ነው ሲሉኝ አየሁና ወደ ደሴ መሄጃው ነው አልኩ። ግራሽስ ሲሉኝ ወልድያ! እንደዚያ ቀን በግራዬ የኮራሁበት ቀን የለም። ወልድያ ማለት ባጃጅ ያለበት፣ ትልቁ ገበያ ያለበት፣ እናቴ የበዓል ጫማ የምትገዛልኝ ከተማ ነው። ያ ሁሉ በእኔ በግራ በኩል ነው ለካ! ደግሞ ለማየት ብዬ ዞር ስል ቀኝ ተነሥቶ ወልድያ ሄደ። እንደገና ስዞር ደሴ ተመለሰ። ራሴ እስኪዞር እየተሽከረከርኩ ቀኝን አባረርኩት። ቀኝ አገር አይደለም፤ ከሰውዬው ጋር የሚዞር ነገር ነው ማለት ነው።

አባባ ጥንታዊ ስሙንም ነገሩኝ። በግዕዝ ቀኝ "የማን" ይባላል አሉኝ። እኔም የማን ብዬ የባለቤቱን ስም ጠየቅኩ፤ ከዚህ እስክንወጣ ትንሽ ጊዜ ፈጀብን። "የማን" ማለት ቀኝ እጅ ነው አሉኝ፤ ግን እጁ ብቻ አይደለም። ጎንም ነው፣ የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ጎን። ብርታትም ነው። ልጁን የማነ ብሎ የሚሰይም አባት ስለ አምስት ጣት እያሰበ አይደለም፤ ይህ ልጅ ብርታቴ ነው ማለቱ ነው። ይህን እየነገሩኝ ሳለ ዓይናቸው ጭናቸው ላይ ወዳለው እጅ ሄደ፤ ወሬውም እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ጋሽ ሰይድ የመጡት በዚያ መሃል ነው። ጋሽ ሰይድ የአባባ የድሮ ረዳት ናቸው። አባባ ሲነዱ አብረው ሄደዋል፣ አብረው በረሃ ውለዋል፣ አርጅተውም አንድ ሰፈር ውስጥ ተቀምጠዋል። አባባ በታመሙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሳይመጡ አይቀሩም ነበር። ምን እያወራችሁ ነው ብለው ሲጠይቁና ሲነገራቸው ከት ብለው ሳቁ። የአሰቡን ነገርካት ወይ አሉ። አባባ ተው አሏቸው፤ እሳቸው ግን አልተዉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብ ወደብ ሲገቡ አንድ የመናዊ ጫኝና አውራጅ እጁን እያወናጨፈ "የሚን! የሚን!" እያለ ይጮኽባቸዋል። በቀኝ በኩል ግባ ማለቱ ነው። አባባ የኔታ ያስተማሯቸው ቃል ከአረብ አፍ ሲወጣ ሰሙ። ደነገጡ። መኪናውን በሩ መሃል አቁመው ሞተሩን አጠፉና ወርደው ሰውዬውን ያናግሩት ጀመር። ከኋላቸው ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሹፌሩ ይሳደባል፣ ጋሽ ሰይድ ጋቢና ውስጥ አፍረው ተደብቀዋል። አባባ ግን በምልክትም፣ ሰውዬው በሚያውቃት ስብርባሪ አማርኛም ቃሉ የት እንደተወለደ ይጠይቃሉ። ኋላ ላይ ሰውዬው ሻይ ጋብዟቸው ነገራቸው። ከመካ ሆኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ላዞረ ሰው የመን በቀኙ ናት፤ ስሟም ከዚያ መጣ ይላሉ አላቸው። በእነሱ ዘንድ የሚን ቀኝም ነው፣ መሐላም ነው። ከዚያው ቃል የሚወለደው ዩምን ደግሞ በረካ ነው። እንግዲህ የቆሎ ተማሪው፣ የእኛው አገር የሀብሩ ልጅና የባሕር ማዶው ሰው ሳይተዋወቁ ቀኛቸውን በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር ማለት ነው። አባባ ከዚያ ወዲያ አሰብ በገቡ ቁጥር ያን ሰው ሳያዩት አይመለሱም ነበር አሉ ጋሽ ሰይድ።

እኔ አባባን አፌን ከፍቼ ነው የማያቸው። አንድ ቃል አግኝቶ ወደብ የሚዘጋ ሹፌር! ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ሌላው አሰብ ሄዶ ሬዲዮና ብርድ ልብስ ያመጣል፤ የእኔ አያት ያመጡት ያንን ቃል ነው።

ጥር ሲገባ ግን የፈራነው መጣ። በእኛ ዘንድ ሙሽሮቹ ከቤት ሊወጡ ሲሉ የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ አባት ቀኝ እጁን ዘርግቶ ይመርቃቸዋል። አያቴ ከሞተች ቆይታለች፤ የሚመርቀው አባባ ብቻ ነው። እናቴ ልብሳቸውን ልታዘጋጅ ስትገባ አባባ አልወጣም አሏት። ወንድሜ ይመርቃት፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ አሉ። እናቴ ለመነች፤ አልሰሙም። ንስሐ አባታቸው መጥተው መከሩ፤ አልሰሙም። በመጨረሻ እታለም ራሷ ገባች። እኔ እንደልማዴ እዚያው ጥግ ላይ ነበርኩ።

"አባዬ፣ አንተ ካልመረቅከኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለች።

"ልጄ፣ በምን ልመርቅሽ?" አሏት። "በሞተው ነው በግራው? በግራ የተመረቀች ብለው ሲያወሩብሽ ልስማ?"

እታለም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ከግራና ሊመጣ ቀኑ ደርሷል። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ሰርጉ ይቅር ብላ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን እያየች መሃል ላይ ቀረች። እኔም ግራ እጅ እንዲህ ሰርግ የሚያፈርስ ነገር ከሆነ እናቴ ማሰሯ ትክክል ነው ብዬ አመንኩ። ያን ዕለት መቀነቱን ራሴ አመጣሁላት።

በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ ሲመጡ አልሳቁም። ፈረስ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዱካውን በእግራቸው ይዘው ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ደምሴ፣ አንተ መቼ ነው ቀኝህን አይተህ የምታውቀው?" አሉ።

አባባ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"መሪው በግራ ነው። በቀኝህ ገደል ይኑር ሰው ይኑር የማየው እኔ ነበርኩ። 'ነፃ ነው' ስልህ ትሄዳለህ፤ 'ያዝ' ስልህ ትይዛለህ። አንድ ቀን እንኳ ወርደህ ልይ ብለህ አታውቅም። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዘመን በሰው ቀኝ ነው የነዳኸው። ታዲያ ዛሬ ቀኝ የለኝም የምትለው ምን አዲስ ነገር መጥቶብህ ነው?"

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዛፎቹ አዞሩ። ጋሽ ሰይድም ሻያቸውን ጠጥተው፣ አላህ ያሽርህ ብለው ሄዱ። ማታም አባባ ሐሳባቸውን ስላልቀየሩ እናቴ ታናሽ ወንድማቸውን እንዲዘጋጁ አስጠራቻቸው።

የሰርጉ ቀን ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየተጨፈረለት ገባ። ዳሱ ሞልቷል። የአባባ ወንድም በአባባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዳፈሩ ያስታውቃሉ። እታለም በእናቴ ልመና ለብሳ፣ በቬሏ ውስጥ ፊቷ አብጦ የጓዳውን በር ታያለች። ጉልበት ወደሚሳምበት ሲደርስ ዘፈኑ ቆመ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና አባባ ወጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከሥሩ ግን ያ ካፖርት አለ። ማን እንዳለበሳቸው አላውቅም። ወንድማቸው ብድግ ብለው ወንበሩን ለቀቁላቸው።

ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። አባባ ሕዝቡን አዩ፣ እኔን ፈለጉኝ። እኔ እናቴ ቀሚስ ሥር ነበርኩ።

"ነይ" አሉኝ።

ሄድኩና ሁልጊዜ በምቆምበት፣ በግራቸው በኩል ቆምኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በዚያ አይደለም። በቀኜ ነይና ያዥልኝ።"

ዞሬ በቀኛቸው በኩል ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እናቴ እንዳስተማረችኝ ቀኝ እጄን ሰደድኩና እጃቸውን ላነሳ ሞከርኩ። አልተነሳም። የሞተ እጅ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ ተንሸራተተ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ስትስቅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ሳላስበው ግራዬን ከሥር አስገባሁት። ከጎናቸው፣ እሳቸው ወደሚያዩበት እያየሁ ስለቆምኩ ለክንዳቸው የቀረበው የእኔ ግራ ነው፤ ለካ እዚያ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ግራ ነው። ክርናቸውን በትከሻዬ ደግፌ መዳፋቸውን ወደ ላይ አነሳሁት። እናቴ ከተቀመጠችበት ስትነሳ አየኋት። መጥታ ልታስቆመኝ መሰለኝ፤ እጄን ግን አልለቀቅኩም። እሷም እንደቆመች ቀረች።

እጃቸውን እታለም ራስ ላይ አሳረፍኩት፤ ከዚያ ሙሽራው ራስ ላይ።

አባባ መረቁ። ድምፃቸው ከሕመሙ ወዲህ ትንሽ ይጎተታል፤ ዳሱ ውስጥ ግን ትንፋሽ አይሰማም ነበር። "ቀኝ ያውላችሁ" አሉ፤ አሜን ተባለ። "በቀኝ ወጥታችሁ በቀኝ ግቡ።" አሜን። "መንገዳችሁ ቢጠብ ልባችሁ አይጥበብ። ልጅ ይስጣችሁ፤ የሚስቅ ልጅ ይስጣችሁ። አንዳችሁ የማታዩትን አንዳችሁ እዩ፤ ያየውንም እመኑት።" ሕዝቡ አሜን ሲል የጋሽ ሰይድ አሚን ከሁሉም በላይ ይሰማል። ምርቃቱ ደግሞ አያልቅም። ሹፌር ናቸዋ፤ ከመርሳ ተነሥተው አሰብ ካልደረሱ አያቆሙም። ክንዴ ደነዘዘ፣ ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ ቢሆንም ያ እጅ ዝቅ እንዲል አላደረግኩም። እታለም ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል እጃቸውንም ሳመች። እንባዋ የእኔንም ጣቶች አራሰ።

ከዚያ እልልታው፣ ጭፈራው፣ ግፊያው። ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ የታረደው በአንድ ወገን፣ የእኛው በሌላው ወገን ቀረበ። አባባ ወደ ጓዳ ሊመለሱ ነው ብለን ስንጠብቅ ከዋናው መዓድ ፊት ተቀመጡ። እኔን ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናቴ የውሃ ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። አባባ በሰው ሁሉ ፊት ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ያ ሁሉ ሰው ያይ ነበር። እናቴ ትንሽ ቆመችና ውሃውን አፈሰሰችላቸው።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። ቀኜን ዘረጋሁ። እናቴ ግን ውሃውን አላፈሰሰችም። ጆጉን እንደያዘች ጠበቀች። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ቀልቷል።

"የምትበይበትን" አለችኝ።

ቀኜን መልሼ ግራዬን ዘረጋሁ። ቀስ አድርጋ አጠበችኝ፤ በነጠላዋ ጫፍም ራሷ አደረቀችልኝ።